ዑመር አል ሙክታር፦ የበረሃው የቁርአን መምህር

በዛሬው የረመዳን ገጻችን የአንድ ሊቢያዊ የቁርአን መምህር ሕይወት እናስታውሳለን። ሰውየው የሩቅ ሀገር ሰው ቢሆኑም ለስቅላት ያቀረባቸው ጄኔራል ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ሼህ ዑመር አል ሙክታር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግድም በምሥራቅ ሊቢያ፣ በቶብሩክ አካባቢ ተወለዱ። በጀግቡብ የሰኑሲያ ትምህርት ቤት ለዓመታት ቁርአንና የሃይማኖት ዕውቀት ቀሰሙ፤ ኋላም አስተማሪ ሆኑ። ጣሊያን በ1911 እ.ኤ.አ. ሊቢያን ሲወር ዕድሜያቸው 50 ዓመት ገደማ ነበር። ሌላው ሰው ልጅ ለመዳርና ለማረፍ በሚያስብበት ዕድሜ እሳቸው ጠመንጃ አነሱ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ለ20 ዓመታት ያህል አላስቀመጡትም።

የጦርነት ስልታቸው የእኛን አርበኞች ያስታውሰናል። በጀበል አኽዳር ሸለቆዎችና ዋሻዎች ጥቂት ፈረሰኞችን ይዘው ጠላትን ድንገት ይመቱና ይሰወራሉ። ስንቁም ወሬውም የሚመጣላቸው ከሕዝቡ ነበር። ጣሊያኖች ይህን ሲረዱ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዞሩ። ባዶሊዮና ግራዚያኒ በ1930 እ.ኤ.አ. ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከነከብቱ ነቅለው በበረሃ ማጎሪያዎች አሰፈሩ፤ በረሃብና በበሽታ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩት አለቁ። በግብጽ ድንበርም 270 ኪሎ ሜትር ገደማ የሽቦ አጥር ተዘረጋ። ዑመር የተሸነፉት በውጊያ ብልጫ ነው ለማለት ይከብደናል፤ የተሸነፉት ወገናቸው ሲታሰር ነው።

የተማረኩት በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 6 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው፤ እዚህ አዲስ አበባ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። ቤንጋዚ ላይ ፍርዱ አስቀድሞ የተቆረጠበት ችሎት ቀረቡ። መስከረም 5 ቀን 1924 ዓ.ም. ሱሉቅ ላይ፣ እንዲመለከት በግድ በተሰበሰበ 20 ሺህ ያህል ሕዝብ ፊት ተሰቀሉ። የ70 ዓመት አዛውንት ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው።

አምስት ዓመት ሳይሞላ ባዶሊዮ በሰሜን፣ ግራዚያኒ በኦጋዴን በኩል ሀገራችንን ወረሩ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የፈሰሰው ደም በዚሁ በግራዚያኒ ዘመን ነው። አንድ መራር ነገርም አለ፤ በኦጋዴን ከዘመተው የጣሊያን ጦር መካከል ሊቢያውያን ወታደሮች ነበሩ።

የሼሁ ስም ከሞታቸው በኋላም አላረፈም። መቃብራቸው ቤንጋዚ ላይ ተሠርቶ ነበር፤ በጋዳፊ ዘመን አጽማቸው ወደ ሱሉቅ ተወሰደ፤ የቤንጋዚውም ሐውልት በ2000 እ.ኤ.አ. ፈረሰ። ያው መንግሥት ግን ምስላቸውን በአሥር ዲናር ላይ አትሟል፤ በ2011 የተነሡበት ዐማጽያንም የያዙት የእሳቸውን ፎቶግራፍ ነበር። ሁሉም የእኔ ናቸው ይላል። ስለ እሳቸው የተሠራው የ1981 ፊልም፣ የበረሃው አንበሳ፣ በጣሊያን ለረጅም ዓመታት ታግዶ ቆይቶ በቴሌቪዥን የታየው በ2009 ነው።

በዚያው ዓመት በሰኔ ጋዳፊ ሮም ሲገቡ፣ ሼሁ በሰንሰለት ታስረው የሚታዩበትን ፎቶግራፍ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ነበር። አብረዋቸው በዕድሜ የገፉ አንድ ሰው ከአውሮፕላኑ ወረዱ፤ የዑመር አል ሙክታር ልጅ ነበሩ።