ግሌብ ኮቴልኒኮቭ እና በጀርባ የታዘለው ፓራሹት

እ.ኤ.አ. በ1872 በሴንት ፒተርስበርግ የተወለደው ግሌብ ኮቴልኒኮቭ በመድፈኛነት ቢሠለጥንም፣ ኋላ የመድረክ ተዋናይ ሆነ። በ1910 በዚያችው ከተማ በተደረገ የበረራ ትርዒት፣ አብራሪው ሌቭ ማትሲዬቪች አየር ላይ ከተሰበረ አውሮፕላኑ ወድቆ ሲሞት ተመለከተ። የዘመኑ ፓራሹት ከባሉን ጎን ይንጠለጠል ወይም ከአውሮፕላኑ ጋር ይታሰር ስለ ነበር፣ ድንገት ለሚወድቅ ሰው አይደርስለትም። ኮቴልኒኮቭ ግን መዳኛው ከባለቤቱ እንዳይለይ ሲል የሐሩን ጨርቅ በብረት ሣጥን አጥፎ በጀርባ አሳዘለው፤ መክፈቻው ሲሳብ ክዳኑ ይነሣና ከሥር የታመቁት ሞላዎች ጨርቁን ወደ ውጭ ይገፉታል። (ዛሬም በዝላይ ስፖርት ተጠባባቂውን ፓራሹት ስቦ የሚያወጣው ትንሽ ጃንጥላ የሚወረወረው በሞላ ነው።) የጦር ሚኒስቴሩ ፈጠራውን ባይቀበልለት በ1912 በፈረንሳይ አስመዘገበው፤ በዚያው ዓመት ከባሉን በተጣለ የሰው አምሳል ተፈትኖ ሠራ። የብረቱን ሣጥን በ1924 በለስላሳ ከረጢት ተካው። በ1944 በሞስኮ ዐረፈ።