ሃሪየት ተብማን፦ ከጉዳቷ ጋር ሩጫዋን የፈጸመች ሴት

ሃሪየት ተብማንን ብዙዎቻችን የምናውቃት ጥቁር ወገኖቿን ከባርነት ባስመለጠችበት ጀግንነቷ ነው። ይህን ሁሉ የሠራችው ግን በልጅነቷ ከደረሰባት ከባድ የጭንቅላት ጉዳት ጋር እየኖረች ነበር። ወገኖች ሆይ፣ ይህ የሕይወቷ ክፍል ዛሬም ለቤተ ክርስቲያን የሚናገረው ነገር አለ።

ሃሪየት እ.ኤ.አ. በ1822 አካባቢ በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት ከባሪያ ወላጆች ተወለደች። የመጀመሪያ ስሟ አራሚንታ ሮስ ነበር። ማንበብ አልተማረችም፤ ነገር ግን እናቷ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪኮች በቃል ነግራ አሳደገቻት። ጸሎትም ከልጅነቷ ጀምሮ ስንቋ ሆነ።

ገና በልጅነቷ፣ ባክታውን በምትባል መንደር ወደሚገኝ ሱቅ ተላከች። በዚያም አንድ የባሪያዎች ተቆጣጣሪ ከሥራ የሸሸን ሰው ሊይዝ ደረሰ። ሃሪየትም ሰውየውን በማሰር እንድታግዘው አዘዛት፤ እርስዋ ግን እምቢ አለች። ሰውየው ሲሮጥ ተቆጣጣሪው አንድ ኪሎ ገደማ የሚመዝን የሚዛን ብረት ወረወረ። ብረቱም ሃሪየትን ጭንቅላቷ ላይ መታት። ደሟ እየፈሰሰ ወደ ቤት ተሸክመው ወሰዷት። አልጋ ስላልነበራት በሸማኔ መቀመጫ ላይ አስተኟት። ያለ ሕክምና ሁለት ቀን ከቆየች በኋላ ደምና ላብ በፊቷ ላይ እየወረደ ወደ እርሻ ሥራ መለሷት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርቱ ራስ ምታትና የሚጥል ሕመም ተከተላት። ሥራ ላይ ሆና ወይም እየተናገረች ሳለ ድንገት እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። ጌታዋ ሊሸጣት ቢሞክርም የሚገዛት ጠፋ። በሰው ዓይን ዋጋ የሌላት ሆነች።

በ1849 ብቻዋን አምልጣ ፊላደልፊያ ገባች። በምግብ አብሳይነትና በቤት ሠራተኝነት ደመወዝ እያጠራቀመች እስከ 1860 ድረስ ወደ ሜሪላንድ 13 ጊዜ ያህል ተመላለሰች። 70 የሚሆኑ ሰዎችንም ይዛ ወጣች። ሌሊቱ ረጅም በሚሆንበት በክረምት ወራት ጉዞ ትመርጥ ነበር። በመንገድ ላይ ያ እንቅልፍ ሲጥላት አብረዋት የሚሸሹት ሰዎች ተደብቀው እስክትነቃ ይጠብቁ ነበር። አሳዳጅ ከኋላ እያለ መሪያቸውን በጫካ ውስጥ መጠበቅ ቀላል አይደለም። ስትነቃ ግን ጉዞው ይቀጥላል። በእጇ ከወጡት አንድም ሰው አልጠፋባትም።

በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ በሽተኞችን አስታመመች፤ በሰኔ 1863 በኮምባሂ ወንዝ ዘመቻ ከ700 በላይ ባሪያዎች ነጻ ሲወጡ መንገድ መሪ ነበረች። ከጦርነቱ በኋላ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ኦበርን ከተማ ተቀምጣ ያረጁ ወላጆቿንና ድሆችን ጦረች። በ1890ዎቹ መጨረሻ ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሳት ቦስተን ሄዳ በጭንቅላቷ ላይ ቀዶ ሕክምና አስደረገች። በጸሎት የኖረች ሴት ሐኪም ፊት መቅረብን እንደ እምነት ማነስ አልቆጠረችውም። በ1903 መሬቷን ለአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ጽዮን ቤተ ክርስቲያን ሰጠች፤ በዚያም በ1908 የአረጋውያን መጦሪያ ተከፈተ። እርስዋም በመጨረሻ በዚያው ተጦራ መጋቢት 10 ቀን 1913 ወደ ጌታዋ ሄደች።

የተወደዳችሁ፣ ጌቶቿ ሁለት ጊዜ በደሏት። ቁስሏ ሳይደርቅ ወደ ሥራ ሰደዷት፤ ቀጥሎ ደግሞ ለምንም አትረባም አሏት። እኛስ? በመኪና አደጋ ወይም በመውደቅ ጭንቅላቱ ተመቶ አንጎሉ የተናጋ ወንድም ከውጭ ሲታይ ደህና ይመስላል። መብራቱና የድምፅ ማጉያው ሲያመው፣ ሐሳቡ ሲበተን አናይለትም። ስለዚህ ጸልየንልሃል፣ ተነሥ እንለዋለን። ሐኪሞች ግን በመጀመሪያ አንድ ሁለት ቀን ማረፍን፣ ከዚያም ሥራን በጥቂት በጥቂቱ መጀመርን፣ ሕመሙ ሲብስ ደግሞ ቀነስ ማድረግን ይመክራሉ። ራስ ምታቱ እየበረታ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ከጣለው ግን ሳይዘገይ ሆስፒታል መወሰድ አለበት።

ኤልያስ በክትክታው ዛፍ ሥር ሲደክም እግዚአብሔር አልገሠጸውም። አስተኛው፣ መገበው፣ እንደገና አስተኛው፣ መገበው፤ መንገዱ ሩቅ መሆኑን ያውቅ ነበርና። የሃሪየት ባልንጀሮችም በጫካው ውስጥ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ጥለዋት አልሄዱም፤ በግድም አልጎተቷት፤ እስክትነቃ ጠበቋት።

በአጥቢያችሁ በመዘምራኑ፣ በሥራ ቦታ ወይም በቤታችሁ የምትጠብቁት ሰው ይኖር ይሆን? ጌታ የምንጠብቅበትን ትዕግሥት ይስጠን።