እቴጌ ጣይቱ ብጡል፤ ከቤተ መንግሥት ወደ ደጀ ሰላም

በከፍታ ላይ መቀመጥ ለብዙዎች ይሰጣል፤ ከከፍታው በወረዱ ጊዜ በእምነት መጽናት ግን የጥቂቶች ዕድል ነው። ከቦሌ ሜዳ ወደ ሰሜን አሻቅቦ የሚመለከት ሁሉ የሚያየው የእንጦጦ ተራራ ይህንኑ ያስተምረናል። ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በዚህ ደጋ ላይ ዳግማዊ ምኒልክ በእንጨትና በጭቃ ያሠሩት ቤተ መንግሥትና የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ይገኛሉ። የሁለቱም ታሪክ ከእቴጌ ጣይቱ ሕይወት ጋር የተሣሠረ ነው።

እቴጌ ከሰሜንና ከየጁ መሳፍንት ወገን የተወለዱ፣ ግዕዝ የተማሩ፣ በገና የሚደረድሩ እመቤት ነበሩ። በ1875 ዓ.ም. በበዓለ ትንሣኤ በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ከንጉሥ ምኒልክ ጋር በቍርባን ተጋቡ። እንጦጦ ብርዱና ነፋሱ የበረታ፣ ማገዶውም የሚያጥር ስለ ነበረ፣ በ1879 ዓ.ም. በፍልውሃ አጠገብ ቤት እንዲሠራ አድርገው ሥፍራውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ይሁን እንጂ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት፣ በሦስተኛውም ቀን እርሳቸው ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው።

በ1888 ዓ.ም. ዘምተው በመቀሌ የጠላት ምሽግ የሚጠጣበት ምንጭ እንዲያዝ መከሩ፤ በዐድዋም ለቈሰለውና ለተጠማው ውኃ አደረሱ። ንጉሠ ነገሥቱ በደዌ በተያዙ ጊዜ መንግሥቱን በእጃቸው ይዘው ነበር፤ ነገር ግን በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ከሥልጣን አገለሏቸው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ወደ እንጦጦ ወጡ።

ቀድሞ ዘውድ ወደ ጫኑበት ደብር ተመልሰው በጸሎት ኖሩ። በ1910 ዓ.ም. ወደ ጎንደር ሄደው ዕድሜያቸውን በዚያ ለመፈጸም ፈቃድ ቢለምኑ ተከለከሉ፤ በዚያው ዓመት የካቲት 4 ቀን ዐረፉ። ዐፅማቸው ዛሬ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገዳም ከባለቤታቸው ዐፅም ጋር ይገኛል።

እንግዲህ እናስተውል። በእንጦጦ አዳራሽ ግብር መብላቱ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ በአጠገቡ ያለው ቅዳሴ ግን አልተቋረጠም። ሹመት የተቀበልን ሁሉ፣ ካህንም ብንሆን ምእመን፣ አንድ ቀን ከወንበራችን መነሣታችን አይቀርም። በዚያን ቀን የምንገባበትን ደጀ ሰላም ማወቅ የሚገባን ግን ገና በወንበሩ ላይ ሳለን ነው። እቴጌ በክብራቸው ዘመን ያልራቁት ደጃፍ በኀዘናቸው ዘመን ተቀበላቸው። አምላካችን ለእኛም እንዲህ ያለውን ፍጻሜ ያድለን።