ምክንያቱን ቆዳው ላይ የፈለጉት ሐኪም፦ ፕሮፌሰር ዮሴፍ ያዳሶን (1863–1936)

የዘንድሮው የመገናኛ መጽሔታችን አዘጋጆች ስለ አንድ የሕክምና ባለውለታ እንድጽፍ ሲጠይቁኝ ብዙ አላመነታሁም። አብዛኞቻችን በትምህርት ዘመናችን ስማቸውን በአንድ መስመር አንብበን ያለፍናቸውን ሰው መረጥኩ፦ ፕሮፌሰር ዮሴፍ ያዳሶንን። የቆዳ ሐኪም የሆናችሁ ስማቸውን ከኒቨስ ሴባሲየስ ጋር ታስታውሱት ይሆናል። ሌሎቻችሁ ጭራሽ ላትሰሙትም ትችላላችሁ። ነገር ግን የአንድ ታካሚ ጀርባ ላይ በተርታ የተለጠፉ ትንንሽ የፓች ቴስት ፕላስተሮችን አይታችሁ ከሆነ የእሳቸውን ሥራ አይታችኋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኔን ወደ እሳቸው የሳበኝ የዕለት ሥራዬ ነው። ወደ ቆዳ ክሊኒክ ከሚመጡልኝ ሰዎች ብዙዎቹ የሚያሳዩኝ እጃቸውን ነው፤ ግንበኛ፣ ለሳኝ፣ ፀጉር ሠሪ፣ ልብስ አጣቢ፣ ነርስ። እጁ ተሰነጣጥቋል፣ ያሳክካል፣ ውኃ ይቋጥራል። አንዱ ምች ነው ይላል፣ ሌላው ደምህ ቆሽሿል ተብያለሁ ይላል። ካርዱን ስገልጠው ኤክዜማ የሚል አንድ ቃል፣ ከሥሩም የቅባት ስም ተጽፏል። ቅባቱ ለሁለት ሳምንት ያህል ይረዳል፤ ሰውየው ወደ ሥራው ሲመለስ ግን በሽታውም አብሮት ይመለሳል። እንግዲህ ኤክዜማ ብሎ መጻፍ ስህተት አይደለም፤ ከምን የመጣ ኤክዜማ ነው የሚለውን ግን አይመልስም። ይህን ጥያቄ በግምት ሳይሆን በማስረጃ እንድንመልስ መንገዱን የከፈቱልን ያዳሶን ናቸው።

ያዳሶን ሴፕቴምበር 10 ቀን 1863 በሊግኒትዝ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። ሊግኒትዝ ያኔ በፕሩሺያ ሥር በነበረችው በሲሌዥያ ትገኝ ነበር፤ ዛሬ ሌግኒጻ ተብላ በፖላንድ ውስጥ ናት። ሕክምናን በጎቲንገን፣ በብሬስላው፣ በሃይደልበርግና በላይፕሲግ ተምረው በ1887 የዶክተርነት ማዕረጋቸውን አገኙ። ከዚያም በብሬስላው የቆዳ ክፍል የአልበርት ናይሰር ረዳት ሆነው ሥራ ጀመሩ።

ናይሰር ማለት በ1879 የጨብጥን ባክቴሪያ ያገኙት፣ ስማቸውም እስከ ዛሬ በባክቴሪያው ላይ ያለ ሰው ናቸው። የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ማን ቀድሞ አገኘ በሚለው ጉዳይ ከኖርዌዩ አርማወር ሃንሰን ጋር የተካረረ ክርክር የገጠሙትም እሳቸው ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ምርምር የሠራችሁ የሃንሰንን ስም ለማወቅ ኖርዌይ ድረስ መሄድ አያስፈልጋችሁም፤ አርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም በራችን ላይ ነው። ወጣቱ ያዳሶን ያደጉት እንግዲህ በዚህ ዓይነት ቤት ነው፤ ማይክሮስኮፕ፣ ባክቴሪያ፣ ሙግት።

በዚያን ጊዜ የቆዳና የአባላዘር በሽታ ሕክምና አንድ ክፍል ነበር። ቂጥኝ በየዎርዱ ሞልቷል፣ ፔኒሲሊን ገና አልተወለደም። ዋናው መድኃኒት ሜርኩሪ ነበር፤ የእኛ አባቶች ባዜቃ የሚሉት። በቅባት መልክ ይታሻል፣ በፕላስተር ይለጠፋል። ታዲያ ከታካሚዎቹ ጥቂቶቹ መድኃኒቱ በነካቸው ቦታ ሁሉ ቆዳቸው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያዣል። ስለ ኤክዜማ የነበረው አስተሳሰብ ደግሞ ለሁለት የተከፈለ ነበር። ከፊሉ ሐኪም ከውስጥ የሚመጣ የደም መበላሸት ነው ይል ነበር። በቪየና የፈርዲናንድ ፎን ሄብራ ተከታዮች ደግሞ ከውጭ ቆዳውን የሚቆጠቁጥ ነገር ነው ይሉ ነበር። ሁለቱም ወገን ግን አንድ ነገር ያስቸግረው ነበር፤ ያው ቅባት መቶ ሰው ተቀብቶ ምንም ሳይሆን አንዱ ለምን ይቃጠላል?

በ1895 በኦስትሪያዋ ግራዝ ከተማ በተደረገው አምስተኛው የጀርመን የቆዳ ሐኪሞች ጉባኤ ላይ ያዳሶን ተነሥተው ከመድኃኒት ስለሚመጡ የቆዳ በሽታዎች ንግግር አደረጉ። የ32 ዓመት ሰው ነበሩ። ያቀረቡት ነገር ዛሬ ስንሰማው እጅግ ቀላል ነው። በሜርኩሪ የተቆጣ ቆዳ የነበረውን ታካሚ፣ በሽታው ከጠፋለት በኋላ፣ ጤነኛ በሆነው ቆዳው ላይ ጥቂት ሜርኩሪ ለጥፈው ጠበቁ። ቆዳው በተለጠፈበት ቦታ ላይ ብቻ ያንኑ ኤክዜማ አወጣ። ጽሑፉ በ1896 ታተመ። የፓች ቴስት መነሻ ይህ ነው።

ይህች ትንሽ ሙከራ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ተናግራለች። አንደኛ፣ መልሱ ያለው በሐኪሙ ግምት ሳይሆን በታካሚው ቆዳ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ የዚህ ሰው ሰውነት ለዚህ ለአንዱ ነገር ብቻ ተለውጧል፤ ሌላውን ሁሉ ይችላል። አለርጂ የሚለውን ቃል ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የፈጠሩት በ1906 መሆኑን ልብ በሉ። ያዳሶን ስም ያልወጣለትን ነገር ከ11 ዓመት በፊት ቆዳ ላይ አሳይተዋል ማለት ነው። ሦስተኛውና ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ግን፣ የመጀመሪያው ተከሳሽ ሐኪሙ ራሱ ያዘዘው መድኃኒት መሆኑ ነው። ያዳሶን ጥፋቱን ከታካሚው ደም ሳይሆን ከራሳቸው የመድኃኒት መደርደሪያ ፈለጉት።

በዚያው ዘመን ከውቅያኖስ ማዶ የሆነውን ሁላችንም በቀዶ ሕክምና ትምህርት ሰምተነዋል። በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ነርስ የነበረችው ካሮላይን ሃምፕተን፣ ለማምከኛ በሚጠቀሙበት የሜርኩሪ ውሁድ እጇ ተጎድቶ ሥራዋን ልትተው ደርሳ ነበር። የቀዶ ሐኪሙ ዊልያም ሃልስቴድ ጉድይር ኩባንያ ስስ የጎማ ጓንት እንዲሠራላት አዘዙ፤ በኋላም አገቧት። ዛሬ በየቀዶ ክፍሉ የምናጠልቀው ጓንት መነሻው ባክቴሪያ ሳይሆን የአንዲት ሠራተኛ እጅ ነው። የሚገርመው ደግሞ ጎማው ራሱ፣ በውስጡ ያሉት ኬሚካሎችም ጭምር፣ በኋላ የጤና ባለሙያዎችን እጅ ከሚያስቆጡት ነገሮች አንዱ ሆነው መገኘታቸው ነው። መከላከያው ሲያሳክክ ምክንያቱን የሚነግረን ያው የያዳሶን ሙከራ ነው።

በ1896 ያዳሶን በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ የቆዳ ክሊኒክ ኃላፊ ሆነው ሄዱ፤ በዚያም 21 ዓመት ቆዩ። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ብሩኖ ብሎህ ነበሩ። ብሎህ በኋላ በዙሪክ ፕሮፌሰር ሆነው ሙከራውን አስፋፉት፤ ስለዚህም ዘዴው የያዳሶንና የብሎህ ተብሎ ይጠራል። ብሎህ የያዙት ነገር ፕሪሙላ የምትባል የቤት ውስጥ አበባ ነበረች፤ አትክልተኞችን እጃቸውን የምታስቆጣ። ከአበባዋ የተጨመቀውን ጠንካራ ፈሳሽ በመቀባት፣ ቀድሞ ምንም የማይሰማቸውን ጤነኛ ሰዎች አለርጂ እንዲይዛቸው ማድረግ እንደሚቻል አሳዩ። እንዲህ ያለውን ሙከራ የዛሬ የሥነ ምግባር ኮሚቴ እንደማያሳልፈው ግልጽ ነው። ውጤቱ ግን ለሠራተኛው ትልቅ ነገር ነበር፦ የንክኪ አለርጂ የግድ አብሮ የሚወለድ የቆዳ ድክመት ሳይሆን ደጋግሞ በመነካካት የሚመጣ ነው። ቆዳህ ደካማ ስለሆነ ነው ተብሎ ከሥራ የሚሰናበተው ሰው፣ ቆዳውን እንዲህ ያደረገው ራሱ ሥራው ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ናይሰር በ1916 ሲሞቱ ያዳሶን በ1917 ወደ ብሬስላው ተመልሰው የመምህራቸውን ወንበር ያዙ። ክሊኒኩ ከየአገሩ ሐኪሞች የሚመጡበት ሆነ። አሜሪካዊው ማሪዮን ሳልዝበርገር መጀመሪያ ከብሎህ፣ ከዚያም ከያዳሶን ዘንድ ተምረው በ1929 ወደ ኒውዮርክ ሲመለሱ ፓች ቴስትን ይዘው ሄዱ፤ በአሜሪካ እንዲስፋፋ ካደረጉትም ዋናው ናቸው። ያዳሶን በበኩላቸው ከ1927 ጀምሮ መታተም የጀመረውን ግዙፉን የቆዳና የአባላዘር በሽታዎች መጽሐፍ በአዘጋጅነት መሩ። 23 ቅጽ በ41 ክፍል ነው፤ የመጨረሻው የወጣው እሳቸው ከሞቱ በኋላ ነው።

በ1931 ጡረታ ወጥተው ወደ ዙሪክ ሄዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ናዚዎች ሥልጣን ያዙ። ያኔ በጀርመን ከነበሩት የቆዳ ሐኪሞች ከሩብ በላይ የሚሆኑት አይሁዳውያን ነበሩ። የያዳሶን ተተኪ ማክስ ጄስነር ከወንበራቸው ተነሡ፣ በስተኋላም ኒውዮርክ ገቡ። ሌሎችም ተበተኑ፤ ያልተረፉም አሉ። አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን የገነባውን ትምህርት ቤት ሲፈርስ ከድንበር ማዶ ሆኖ ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም፤ ከእኛም መካከል መምህሮቻቸው ሲሳደዱና ሲሰደዱ ያዩ አሉ። ያዳሶን ማርች 24 ቀን 1936 በዙሪክ ዐረፉ። ልጃቸው ቨርነር ያዳሶን በጄኔቫ የቆዳ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆኑ።

ሙከራው ግን አልተበተነም። በ1939 በኮፐንሃገን ፖል ቦነቪ በየታካሚው ላይ የሚለጠፉ የተለመዱ አስቆጪዎችን በመደበኛ ዝርዝር አወጡ፤ ኒኬል፣ ክሮሜት፣ ፎርማሊን፣ ተርፐንታይንና የመሳሰሉትን። በ1942 ላንድስታይነርና ቼዝ ይህ ዓይነቱ አለርጂ ከእንስሳ ወደ እንስሳ የሚተላለፈው በሴረም ሳይሆን በሕዋሳት መሆኑን አሳዩ። ፓች ቴስት በደቂቃ ሳይሆን በሁለትና በሦስት ቀን የሚነበበውም ለዚህ ነው፤ ቲ ሴሎች እስኪሰበሰቡ ጊዜ ይወስዳል።

ለእኔ ትልቁ ፍሬ የታየው ግን በሲሚንቶ ላይ ነው። እርጥብ ሲሚንቶ በአልካሊነቱ የማንንም እጅ ይልጣል፤ ይህ አለርጂ አይደለም። ከዚያ ሌላ ግን በውስጡ ያለው ስድስተኛው ክሮሚየም አለርጂ ያመጣል፤ አንዴ ከያዘ ደግሞ ከሰውየው ጋር ለዓመታት ይኖራል። ይህን ያወቅነው ግንበኞች ላይ ፓች ቴስት ተለጥፎ ክሮሜቱ ስለቀላ ነው። ዴንማርክ ሲሚንቶ ውስጥ ጥቂት ፌረስ ሰልፌት እንዲጨመር አደረገች፤ ክሮሚየሙን ቆዳ ውስጥ በቀላሉ ወደማይገባው ዓይነት ይለውጠዋል። በ1983 በሕግ ደነገገችው፣ በኮንክሪት ሠራተኞቿም ላይ የክሮሜት አለርጂ ቀነሰ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2005 ጀምሮ በሚሊዮን 2 ክፍል የሚለውን ጣሪያ አጸና። ሠራተኛው አልተባረረም፤ ሲሚንቶው ተለወጠ። ኤክዜማ ብለን ብቻ ብንጽፍ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

ወደ እኛ ልመለስ። ከተማው ሁሉ ግንባታ ነው። ሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎች አሏት። በየሰፈሩ የውበት ሳሎን አለ፤ የፀጉር ቀለም ውስጥ ያለው ፓራፌኒሊንዲያሚን በየሠርጉ ጥቁር ሂና ውስጥም ይገባል፣ ሙሽሪትም ሆነች ሠሪዋ በውኃ የቋጠረ ቆዳ ትመጣለች። እነዚህ ሰዎች እጃቸው ሲታመም የሚቀርባቸው ቆዳ ብቻ አይደለም፤ የዕለት እንጀራ ነው። ሥራ ቀይር የሚል ምክር ለእኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለእነሱ የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ነው። ስለዚህ ምክሩን ከመስጠታችን በፊት ምክንያቱን የማወቅ ዕዳ አለብን። ምናልባት መቀየር ያለበት ጓንቱ ወይም ሳሙናው ብቻ ነው። ምናልባትም እኛው ያዘዝነው የኒዮማይሲን ቅባት ነው።

መምህራን ለሆናችሁ አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎቻችን የታካሚ ታሪክ ሲወስዱ ሥራ በሚለው መስመር ላይ የቀን ሠራተኛ ብለው እንዳያልፉ አስተምሯቸው። ምን ይነካል፣ በምን ይታጠባል፣ ምን ያጠልቃል፣ በዕረፍት ቀኑ ይሻለዋል ወይ ብለው ይጠይቁ፤ ይህ ምንም ወጪ የለውም። የቆዳ ክሊኒክ የምትመሩ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ለፓች ቴስት መድቡ። በውጭ አገር ያላችሁ የመደበኛውን ዝርዝር ኬሚካሎች ለአንድ ክሊኒክ ብትልኩ፣ ማኅበራችን ካደረጋቸው በጎ ነገሮች ከማያንሱት አንዱ ይሆናል።

ያዳሶን ያን ሙከራ ሲሠሩ የነበራቸው ጥቂት ሜርኩሪ፣ ፕላስተርና ትዕግሥት ነበር። ከሦስቱ ሁለቱ በየክሊኒካችን አሉ፤ ሦስተኛው፣ ለጥፎ መጠበቅ፣ ከእኛ የሚፈለገው ነው።