ብልጭታን በቅጽበቱ ያዘዙ መሐንዲስ፤ የፕሮፌሰር ሃሮልድ ኤጀርተን ሕይወትና ሥራ

የፕሮፌሰር ሃሮልድ ኤጀርተን ስም በዓለም የታወቀው ከሁሉ በላይ በሁለት ፎቶግራፎች ነው። አንዱ የወተት ጠብታ ወድቃ ስትረጭ የምትሠራውን ዘውድ፣ ሁለተኛው ፖም በስቶ የሚወጣ ጥይትን ያሳያል። ተመልካች ሁሉ የብርሃኑን ድምቀት ያደንቃል። መሐንዲስን ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ብርሃኑ ሳይቀድምና ሳይዘገይ፣ በታዘዘበት ቅጽበት መድረሱ ነው።

ኤጀርተን በ1903 በአሜሪካ፣ ነብራስካ ግዛት፣ በፍሪሞንት ከተማ ተወለዱ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያደጉት በዚያው ግዛት በምትገኘው በአውሮራ ሲሆን፣ በወጣትነታቸው በመብራት ኩባንያ ሠርተዋል። በ1925 ከነብራስካ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመርቀው፣ በጄኔራል ኤሌክትሪክ አንድ ዓመት ያህል ካገለገሉ በኋላ ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ገቡ።

በተቋሙ የያዙት ጥናት ከፎቶግራፍ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ሸክሙ በድንገት ሲለወጥ ሲንክሮነስ ሞተር የሚያሳየውን ጠባይ ይመረምሩ ነበር። የሚሽከረከረውን አካል ግን ዓይን ሊከተለው አይችልም። በአጠገቡ የነበረው የሜርኩሪ ቱቦ ብልጭ ባለ ቁጥር ያ አካል ቆሞ ሲታይ አስተዋሉ። ስትሮቦስኮፕ የተባለው መሣሪያ አስቀድሞም ይታወቅ ነበር፤ የእርሳቸው ድርሻ ብርሃኑን ብርቱ፣ እጅግ አጭርና ታዛዥ ማድረግ ነው። በ1931 ዶክትሬታቸውን ተቀብለው፣ ከተማሪዎቻቸው ከኬኔት ገርመስሃውዘንና ከኸርበርት ግሪር ጋር ሥራውን ቀጠሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በብዙ ሺህ ቮልት የተሞላ ካፓሲተር ከጋዝ ቱቦ ሁለት ጫፎች ጋር ይያያዛል። ጋዙ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ጉልበቱ ታፍኖ ይጠብቃል። በቱቦው ላይ በተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ቅጽበታዊ ከፍተኛ ቮልት ሲላክ ጋዙ አስተላላፊ ይሆንና የተከማቸው ጉልበት በብርሃን መልክ ይለቀቃል። እንግዲህ ጉልበቱ ሌላ፣ ትእዛዙ ሌላ ነው። ትእዛዙ ጥቂት ኃይል ብቻ ስለሚጠይቅ ከየትም ሊመጣ ይችላል፤ ጠብታዋ ስትወድቅ ከምታቋርጠው የብርሃን ጨረር፣ ወይም የጥይቱን ድምፅ ከሚቀበል ማይክሮፎን። ማይክሮፎኑን ትንሽ በማራቅ ወይም በማቅረብ ጥይቱ የሚቀረጽበትን ቦታ መምረጥ ይቻላል። በሰከንድ 850 ሜትር የሚበር ጥይት በአንድ ማይክሮ ሰከንድ ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ስለሚጓዝ፣ ብልጭታው ከዚያ ካልረዘመ ጥይቱ እንደ ቆመ ሆኖ ይታያል።

አንዱን መብራት ደጋግሞ ማብራት ግን ወሰን አለው። ጋዙ ወደ ቀድሞ ጠባዩ እስኪመለስ፣ ካፓሲተሩም እስኪሞላ ጊዜ ያስፈልጋል። በ1938 የጎልፍ ተጫዋች የዱላ ውርወራን በአንድ ፊልም ላይ ለማስፈር በሰከንድ 100 ብልጭታ በቅቷል። ከዚያ እጅግ ለተቀራረቡ ቅጽበቶች የየራሳቸው ካፓሲተርና ማስነሻ ያላቸውን በርካታ መብራቶች ደርድሮ፣ እያንዳንዱን በማዘግያ ሰርኪት በተራው ማዘዝ ግድ ይላል። ዛሬ ከካሜራው የራቁ ፍላሾችን በሬዲዮ ለየብቻ የሚያበራ ፎቶግራፍ አንሺ የሚሠራው ጉልበትንና ትእዛዝን በለየው በዚሁ መርሕ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኤጀርተን ከአውሮፕላን ሆኖ ሌሊት ምድርን የሚያነሳ ግዙፍ ፍላሽ ሠሩ። በ1944 በእንግሊዝ አገር የስቶንሄንጅን ጥንታዊ ድንጋዮች በጨለማ አንስተው አቅሙን አሳዩ፤ መሣሪያው በኖርማንዲ ወረራ ዋዜማ ሌሊትም ለስለላ ዋለ።

አድናቂዎቻቸው ብዙ ጊዜ ቸኩለው የሚያልፉት ምዕራፍ የሚቀጥለው ነው። በ1947 ሦስቱ ባልደረቦች ኢጂ ኤንድ ጂ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ኩባንያው ለአሜሪካ የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች የጊዜ መቆጣጠሪያና የማፈንጃ ሥርዓት ያቀርብ ነበር። ክራይትሮን የተባለው ፈጣን የጋዝ ማብሪያ ማጥፊያም የዚሁ ኩባንያ ውጤት ሲሆን፣ ፍላሽም የቦምብ ፈንጂም ለማስነሳት አገልግሏል። ፍንዳታውን ለማንሳት የተሠራው ራፓትሮኒክ ካሜራ አንድ ሥዕል ብቻ ስለሚወስድ፣ የእሳቱን ኳስ ዕድገት ለማየት ብዙ ካሜራዎች ተደርድረው እያንዳንዱ በየራሱ ቅጽበት ይታዘዝ ነበር። የወተቱን ዘውድ ያስገኘው ዕውቀትና ይህ ዕውቀት አንድ ናቸው። ለጠብታዋ ውበት ምስጋናውን ለኤጀርተን የሚሰጥ ሰው ይህንንም ከሒሳባቸው ሊፍቅ አይችልም።

ከ1953 ጀምሮ ከፈረንሳዊው የባሕር አሳሽ ከዣክ ኩስቶ ጋር ሠርተው ለጥልቅ ባሕር የሚሆኑ ካሜራዎችና ፍላሾች አዘጋጁ፤ መርከበኞቹም ፓፓ ፍላሽ ብለው ይጠሯቸው ነበር። ብርሃን ከማይደርስበት ቦታ ደግሞ የድምፅ ሞገድ ተጠቅመው፣ በ1862 የሰጠመችውን ሞኒተር የተባለች የጦር መርከብ በ1973 ባገኘው ቡድን ተካፈሉ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳልያ ተሰጣቸው።

ፎቶግራፎቻቸው በ1937 በኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ቢቀርቡም ሠዓሊ መባልን አይወዱም ነበር። የወተቱን ዘውድ ግን ከ1930ዎቹ እስከ 1957 ደጋግመው አንስተዋል፤ ይህን ያህል መድከም ለመረጃ ብቻ ነበር ማለት ያስቸግራል። ጥር መባቻ 1990 በ86 ዓመታቸው ያረፉት በዚያው በተቋማቸው ግቢ ነው። እስከዚያ ድረስ ወደ ላቦራቶሪያቸው ብቅ ለሚል ተማሪም ሆነ እንግዳ ፎቶግራፋቸው የታተመበትን ፖስታ ካርድ ይሰጡ ነበር።