ዦዜፍ ማሪ ዣካር፥ የሊዮን ሸማኔ

በፈረንሳይ አገር ሊዮን የምትባል ትልቅ ከተማ አለች። ሮንና ሶን የሚባሉት ሁለት ወንዞች በእርስዋ ይገናኛሉ። ከተማዪቱም ከብዙ ዘመን ጀምሮ በሐር ሽመና የታወቀች ናት። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1752 ዓመት ዦዜፍ ማሪ ዣካር በዚህች ከተማ ተወለደ። አባቱ ወርቀ ዘቦ የሚሠራ ሸማኔ ነበረ፤ እናቱም ሥዕል አንባቢ ነበረች።

ልጆች ሆይ፥ ሥዕል ማንበብ ማለት ምን እንደ ሆነ ልንገራችሁ። እኛ ጥበብ የምንለውን ያለ ልብስ ለመሥራት በመጀመሪያ ሠዓሊው አበባውንና ቅጠሉን በወረቀት ላይ ይሥላል። ከዚያ በኋላ ያው ሥዕል በጥቃቅን አራት ማዕዘኖች በተከፈለ ሰፊ ወረቀት ላይ እንደ ገና ይሣላል፤ እያንዳንዱም ማዕዘን ድሩና ማጉ የሚገናኙበትን ስፍራ ያመለክታል። አንባቢዋ ወረቀቱን ከፊቷ አድርጋ አንዱን መሥመር ከዳር እስከ ዳር ከጨረሰች በኋላ ወደ ሁለተኛው ትሻገራለች። በየመሥመሩም የትኛው የድር ፈትል እንዲነሣ፥ የትኛውም በስፍራው እንዲቀር እየለየች ገመዶቹን ታሰናዳለች። በአንድ መሥመር ብትሳሳት አበባው በልብሱ ላይ ተጣምሞ ይወጣል።

እናቱ እንዲህ ያለውን ረቂቅ ነገር ስታነብ ልጅዋ ግን ፊደል ሳይቈጥር አደገ። ዐሥር ዓመት ሲሆነው እናቱ ሞተችበት። ዐሥራ ሦስት ዓመት እስኪሆነውም ድረስ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አይችልም ነበረ። በኋላ መጻሕፍት የሚያትምና የሚሸጥ የእኅቱ ባል አዘነለትና ንባብ አስተማረው። ዘግይቶ መጀመር እንደማያሳፍር ከእርሱ ይታያል።

በዚያ ዘመን ጥበብ ያለው ልብስ የሚሠራበት መሣሪያ ሁለት ሰው ይፈልግ ነበረ። ሸማኔው ከፊት ተቀምጦ መወርወሪያውን ይወረውራል። ሁለተኛው በመሣሪያው አጠገብ ቆሞ፥ ማግ በገባ ቍጥር፥ በሥዕሉ ትእዛዝ መሠረት የድሩን ፈትሎች የሚያነሡትን ገመዶች ይስባል። ገመዶቹ እጅግ ብዙዎች፥ ክብደታቸውም ብርቱ ነበረ። ይህን ሥራ የሚሠሩት ብዙ ጊዜ ልጆችና ሴቶች ነበሩ። ከንጋት እስከ ማታ ወገባቸውን አጕብጠው ሲስቡ ይውላሉ፤ ክንዳቸው ይዝላል፥ ጀርባቸውም ይጣመማል። ዣካር በሸማኔ ቤት ስላደገ ይህን መከራ በዐይኑ አይቶት ነበረ። የሰው እጅ የሚስበውን ገመድ ሌላ ነገር ሊስበው አይችልምን እያለ ያስብ ጀመረ።

ሐሳቡ ግን ወዲያው አልተፈጸመለትም። በ1772 ዓመት አባቱ ሲሞት ቤትና የሽመና መሣሪያ ወረሰ። በ1778 ዓመት ሚስት አገባ፥ በዓመቱም ወንድ ልጅ ወለደ። ዳሩ ግን ንግድ አያውቅበትም ነበረና ዕዳ በዕዳ ላይ እየተደረበበት የወረሰውን ሁሉ አጣ። ከዚያም በፈረንሳይ አገር ሁከት ተነሣ፤ በ1793 ዓመት ሊዮን በመንግሥቱ ጦር ተከበበች። ዣካር ከልጁ ጋራ ከተማዪቱን ሊጠብቅ ወጣ፤ ከተማዪቱ በተያዘች ጊዜም ሁለቱ ሸሽተው ወደ ሌላ ጦር ገቡ። በዚያም ጦርነት ልጁ ተገደለ። አባቱ ያለ ልጁ ወደ ሊዮን ተመልሶ ዳግመኛ ከሽመና መሣሪያው ፊት ተቀመጠ። ዕድሜውም ወደ ሃምሳ ዓመት ተጠግቶ ነበረ።

ሥራው የተቃናለት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ1801 ዓመት በፓሪስ በተደረገው የእጅ ሥራ ትርኢት ገመድ ሳቢ የማያስፈልገው መሣሪያ አቅርቦ የነሐስ ኒሻን ተሸለመ። ቀጥሎም የዓሣ መረብ የሚሠራ መሣሪያ ስላወጣ ወደ ፓሪስ ተጠራ። በዚያም የጥበብ ዕቃዎች በተሰበሰቡበት ቤት ቮካንሶን የተባለ ብልህ ሰው በ1740ዎቹ የሠራውን አሮጌ የሽመና መሣሪያ አገኘ። ከቮካንሶን አስቀድሞ ቡሾን የሚባል የሊዮን ሰው በ1725 ዓመት የተበሳ ወረቀት፥ ፋልኮንም በ1728 ዓመት እርስ በርሳቸው የተያያዙ የተበሱ ካርቶኖች ለሽመና አስገብተው ነበረ። እንግዲህ ዣካር ሁሉን ከራሱ ብቻ አላመነጨውም፤ እንዲህ የሚሉ መጻሕፍት ይሳሳታሉ። ሌሎች ጀምረው የተዉትን ሰብስቦ አንድ አደረገው እንጂ።

በ1804 ዓመት ወደ ሊዮን ተመልሶ የጨረሰው መሣሪያ አሠራሩ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ የማግ ጕዞ አንድ የተበሳ ካርቶን አለ። ካርቶኖቹ በክር ተሰፍተው እንደ ሰንሰለት ይከታተላሉ። ሸማኔው በእግሩ ሲረግጥ አንዱ ካርቶን ከብዙ መርፌዎች ጫፍ ጋራ ይገጥማል። ቀዳዳ ባለበት መርፌው ይገባል፥ ከመርፌው ጋራ የተያያዘው ሜንጦም የድሩን ፈትል ይዞ ወደ ላይ ይነሣል። ቀዳዳ በሌለበት ግን መርፌው ወደ ኋላ ይገፋል፥ ሜንጦውም ሳይነሣ ይቀራል። የእናቱን ንባብ አሁን ካርቶኑ ያነበዋል፤ የገመድ ሳቢውንም ልጅ ድካም ብረቱ ተሸከመው።

ይህ መሣሪያ ከሁሉ ይልቅ ከጠቀማቸው ልብሶች አንዱ ሻል የሚባለው የትከሻ ልብስ ነው። ሻል በመጀመሪያ የመጣው በሂማላያ ተራሮች ውስጥ ካለችው ከካሽሚር ነው። በላዳክና በቲቤት ብርድ የሚኖሩ ፍየሎች ከረጅሙ ጠጕራቸው በታች እጅግ የለሰለሰ ጠጕር አላቸው፤ ሻሉም የሚሠራው ከእርሱ ነው። የካሽሚር ሸማኔዎች መወርወሪያን ትተው በልዩ ልዩ ቀለም ክር የተጠቀለለባቸውን ትናንሽ እንጨቶች አንድ በአንድ በድሩ መካከል ያሳልፋሉ። በእነርሱም ዘንድ ሥዕሉ ይነበባል፤ አንዱ የየመሥመሩን ቀለም ይጠራል፥ ሌላው በምልክት ይጽፈዋል፥ ሸማኔዎቹም ጽሑፉን እያዩ ይሠራሉ። ለአንድ ትልቅ ሻል ዓመት ተኩል፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የሚበልጥ ዘመን ያልቃል።

ናፖሌዎን በ1798 ዓመት ወደ ግብፅ በዘመተ ጊዜ መኰንኖቹ ሻል ለሚስቶቻቸው ይዘው ተመለሱ። ሚስቱም ጆዜፊን ብዙ ሻሎች ነበሯት። የፈረንሳይ ወይዛዝርት ሁሉ ተመኙት፥ ዋጋው ግን ለባለጠጎች ካልሆነ በቀር የማይቀመስ ነበረ። ስለዚህ በፓሪስ፥ በሊዮንና በኒም፥ በስኮትላንድም በፔዝሊ ከተማ እርሱን የሚመስል ሻል መሥራት ተጀመረ። በኋላ የዣካር መሣሪያ ሲገባ ጫፉ የጐበጠው የካሽሚር ቅጠል በብዛትና በርካሽ ተሠራ። ያ ቅጠል ዛሬ በአውሮፓ በፔዝሊ ስም ይጠራል፤ ይህም ለካሽሚር ሰዎች ትንሽ ግፍ ነው። የሁለቱን ልዩነት ማወቅ የሚፈልግ ሻሉን ይገልብጠው። በካሽሚር ሻል እያንዳንዱ ቀለም አበባው ባለቀበት ይመለሳል፤ በዣካር መሣሪያ የተሠራው ግን ማጉ ከዳር እስከ ዳር ስለሚሄድ፥ በጀርባው የተንጠለጠለው ትርፍ ክር በመቀስ ይቈረጣል።

የሊዮን ሸማኔዎች ግን በመሣሪያው ደስ አላላቸውም። ቀድሞ ሁለት ሰው የሚሠራውን አንድ ሰው ከሠራው ሁለተኛው ምን ይበላል ብለው ፈሩ። ፍርሃታቸውም ከንቱ አልነበረም፤ ገመድ ስበው የሚያድሩ ብዙ ድኾች ነበሩና። ዣካርን በመንገድ ይሰድቡት ነበረ፤ መሣሪያውንም በአደባባይ እንደ ሰበሩት፥ እርሱንም ወደ ሮን ወንዝ ሊጥሉት እንደ ዛቱ ይነገራል። እርሱ ግን ከተማውን ትቶ አልሄደም። በ1806 ዓመት መንግሥቱ መሣሪያው የሕዝብ ሁሉ እንዲሆን አዘዘ፤ ለዣካርም በየዓመቱ 3,000 ፍራንክ፥ ደግሞም ለስድስት ዓመት በሚተከለው በእያንዳንዱ መሣሪያ 50 ፍራንክ ተቈረጠለት። መሣሪያው በመጀመሪያ ብዙ ጕድለት ነበረበት፤ ብሬቶን የሚባል ባለሙያ በ1810ዎቹ ካደሰው በኋላ ግን በሁሉ ስፍራ ተስፋፋ። በ1819 ዓመትም ዣካር የክብር ሌጌዎን ኒሻን ተቀበለ።

በእርጅናው ዘመን በሊዮን አጠገብ ባለች ኡለን በምትባል መንደር ተቀመጠ፤ በዚያም በ1834 ዓመት ሞተ። በ1840 ዓመት የሊዮን ሰዎች በከተማቸው ሐውልት አቆሙለት።

ከሐውልቱ በፊት ግን ሸማኔዎች በገዛ እጃቸው ሌላ መታሰቢያ ሠርተውለት ነበረ። በ1839 ዓመት መልኩን በሐር ሠሩት፤ ለዚህም ወደ 24,000 የሚሆኑ የተበሱ ካርቶኖች አስፈለጉ። ሥዕሉ እጅግ የረቀቀ ስለ ሆነ ያዩት ሰዎች በወረቀት የታተመ ይመስላቸው ነበረ። ቻርልስ ባቤጅ የተባለው እንግሊዛዊ የቍጥር ሊቅ አንዱን ገዝቶ በቤቱ ሰቀለ። እርሱም በተበሱ ካርቶኖች የሚታዘዝ የሒሳብ መኪና ያስብ ነበረ። በዚያ ሥዕል ላይ ዣካር በሥራ ቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይታያል፤ በእጁ መለኪያ ይዟል፥ በአጠገቡም የመሣሪያው ትንሽ ምሳሌ ቆሟል፥ ካርቶኖቹም ተጠቅልለው በዙሪያው ተቀምጠዋል።