አኒ አልበርስ፤ ከተማን በድርና በማግ

እ.ኤ.አ. በ1899 በርሊን የተወለዱት አኒ አልበርስ በ1922 ባውሀውስ ትምህርት ቤት ሲገቡ ሽመናን የያዙት ወድደው አልነበረም፤ ለሴቶች የተከፈተው በር ጠባብ ስለ ነበረ ነው። ሆኖም በ1930 ለመመረቂያ ያቀረቡት የበርናው ትምህርት ቤት አዳራሽ የግድግዳ ጨርቅ በሴሎፋን ፊቱ ብርሃን ያንጸባርቃል፤ በጠጕራም ጀርባው ድምፅ ይውጣል። ምሕንድስና ቢሉት ማጋነን አይሆንም።

በትውልዳቸው አይሁዳዊት ነበሩና በ1933 ከባለቤታቸው ከሠዓሊው ጆሴፍ ጋር ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። ሜክሲኮ ውስጥ በተራራ አናት ላይ የተቈረቈረችውን የሳፖቴክ ሕዝብ ጥንታዊ ከተማ ሞንቴ አልባንን ካዩ በኋላ፣ በ1936 በስሟ የሚጠራውን ሥራ ሸመኑ። በዚህ ጨርቅ ላይ አንድ ተጨማሪ ማግ እንደ እርሳስ መሥመር እየተጓዘ የደረጃዎቿንና የመድረኮቿን ቅርጽ ይነድፋል፤ መሥመሩ በላዩ የተቀባ ሳይሆን አብሮ የተሸመነ ነው። በ1949 የኒውዮርክ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ለአንድ ሸማኔ ብቻ የተለየ ትርኢት ሲያዘጋጅ የመጀመሪያዋ እሳቸው ሆኑ። በስተርጅና ሽመናውን ትተው ወደ ኅትመት ሥዕል ዞሩ፤ በ1994 ዐረፉ።